ሳልጠይቀው የኖርኩት ሒሳብ

ዱባይ የገባሁት በጥምቀት ቀን ነው፤ ጥር 11 ቀን 2016። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 20፣ 2024 መሆኑ ነው። ቀኑን የማልረሳው በበዓሉ ምክንያት እንጂ ስለ ቪዛዬ አስቤ አይደለም። ጥፋቴም የሚጀምረው ከዚያው ነው።

የያዝኩት የ60 ቀን የጉብኝት ቪዛ ነበር፤ እኛ "ቪዚት" የምንለው። ልጎበኝ እንዳልሄድኩ ቦሌ ላይ የጠየቀኝ ሠራተኛም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ ቪዛውን ያወጣልኝ ደላላም ያውቃል። የመመለሻ ትኬቴንና የሆቴል ወረቀቴን አየና ትንሽ አፈጠጠብኝ፤ ከዚያ አሳለፈኝ። ደላላው "ሁለት ወር ይበቃሻል፤ ሥራ ስታገኚ ቪዛው ይቀየራል" ብሎኛል። ለእሱ የከፈልኩት ያሳደገችኝ አክስቴ ካወጣችው እቁብ ነው።

ኮምቦልቻ ጸጉር ቤት እሠራ ስለነበር ሥራ አላጣሁም። በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት ዴራ በሚባለው የዱባይ ሰፈር አንዲት ሴትዮ ጋ ሹሩባ መሥራት ጀመርኩ። ሴትዮዋ "ሥራሽ ጥሩ ነው፤ ቪዛሽን እኔ አሠራልሻለሁ" አለችኝ። አመንኳት። ዛሬ ነገ እያለች የካቲት አለቀ።

60ኛው ቀን መጋቢት 10 ነበር፤ ማርች 19። ቪዛው ከማለቁ በፊት በወኪል በኩል ለ30 ቀን ማራዘም ይቻላል። ወኪሉን ስጠይቀው 1,100 ድርሃም አለኝ። ያኔ እጄ ላይ የነበረው 1,300 ነው። የአልጋ ኪራይ ደግሞ ደርሶብኛል። አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች "አትቸኩዪ፣ ካለቀ በኋላም የአሥር ቀን ምሕረት አለው" አሉኝ። እውነት ነው፣ ድሮ ነበረው። ለጉብኝት ቪዛ ግን ያ የአሥር ቀን ፋታ እኔ ከመሄዴ በፊት ቀርቷል። ካለቀበት ማግስት ጀምሮ በቀን 50 ድርሃም ይቆጥራል። ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

መጋቢት 11 ጠዋት ስነቃ ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ሻይዬን ጠጣሁ፣ ሥራ ገባሁ፣ ለአንዲት ናይጄሪያዊት ጸጉር አምስት ሰዓት ቆሜ ሠራሁ። ማታ ስመለስ ፖሊስ አልጠበቀኝም። ሳምንት አለፈ። ሰው የሚዘናጋው እንዲህ ነው። ቅጣቱ በር አያንኳኳም፤ የሆነ ኮምፒውተር ውስጥ ዝም ብሎ ይደመራል።

ድምሩን ማየት ደግሞ ቀላል ነበር። የፓስፖርት ቁጥር አስገብቶ የኢሚግሬሽኑ ድረ ገጽ ላይ መፈለግ ብቻ ነው። ሰባት ወር ሙሉ አንድም ቀን አላየሁትም። ሰዎች እስር ቤት አለ ይላሉ፣ ዕድሜ ልክ መታገድ አለ ይላሉ፤ እኔም የሚሉትን ይዤ እፈራለሁ። ሒሳቡን ማየት ራስን ማስያዝ ይመስለኝ ነበር። ሞኝነት ነው፤ ግን በዚያ ሁኔታ ውስጥ ያለፈ ሰው ይገባዋል።

ኑሮውን ልንገራችሁ። የምኖረው አል ሪጋ አካባቢ "ፓርቲሽን" በሚባለው ነው። አንድ ሳሎን በጣውላ ተከፋፍሎ ስድስት ሴቶች የምንተኛበት። ለአንድ አልጋ 650 ድርሃም። ቪዛዬ ካለቀ በኋላ የስልክ ሲሜ ተዘጋ፤ በሌላ ልጅ ስም የወጣ ሲም ገዛሁ። ገንዘብ መላኪያ ቤቶቹ የታደሰ መታወቂያ ስለሚጠይቁ ወደ አገር ቤት የምልከው በሰው በኩል ሆነ። አንድ ጊዜ 800 ድርሃም የሰጠሁት ሰው ጠፋብኝ። ለማን እከሳለሁ?

ከሁሉም የከበደኝ መንገድ ነው። "ሲ አይ ዲ" የሚባሉት የሲቪል ፖሊሶች ዩኒፎርም የላቸውም። እና ቆሞ ስልክ የሚያይ ወንድ ሁሉ ሲ አይ ዲ ይመስለኛል። ዩኒየን ሜትሮ ጣቢያ መውረድ ተውኩ። ናይፍ ገበያ መሄድ ተውኩ። ቡርጅ ኸሊፋን በቅርብ ያየሁት አንድ ጊዜ ነው፤ ያውም ቪዛዬ ሳያልቅ። ሰው ዱባይ ነበርሽ ሲለኝ ይገርመኛል። እኔ የኖርኩት ከአል ሪጋ እስከ ጸጉር ቤቱ ባለችው አሥራ አምስት ደቂቃ መንገድ ውስጥ ነው።

አሠሪዬም ነገሩ ገባት። መጀመሪያ የተስማማነው በወር 2,000 ድርሃም ነበር። ግንቦት ላይ 1,200 ቆጥራ ሰጠችኝ። "ገበያ የለም" አለች። ገበያው ግን ቆሞ ነበር የሚጠብቀው። "የቀረውስ?" ስላት ፈገግ ብላ "የት ትሄጃለሽ?" አለችኝ። ስድብ አልጨመረችበትም፤ አያስፈልጋትም ነበር።

ቪዛዬ በስሙ የወጣው ወኪልም አልተወኝም። ሚያዝያ ላይ ደወለና "በእኔ ስም ነው የገባሽው፤ አልወጣሽም። 2,000 ድርሃም ካልላክሽ ጠፍታለች ብዬ አመለክትብሻለሁ" አለኝ። ይህ ባዶ ማስፈራሪያ አይደለም። ወኪሎች ያስገቡት ሰው በጊዜው ካልወጣ ጠፋ ብለው ያመለክታሉ፤ ያ ከተመዘገበ ጉዳዩ በቀን 50 ድርሃም ብቻ አያልቅም። ለምኜው ግማሹን ሰጠሁት። ያ ገንዘብ ቅጣቱን የሚቀንስ መስሎኝ ነበር። ኪሱ ነው የገባው።

ሰኔ ላይ አክስቴ ሞተች።

በአረፋ ማግስት ነው፤ ሰኔ 10። በበዓሉ ሰሞን እስከ ሌሊት ስንሠራ ስለነበር ያን ቀን አርፍጄ ተኝቻለሁ። ዓይኔን ስገልጥ አልጋዬ ዙሪያ አራት ልጆች ቆመዋል። አንዷ ነጠላ ዘቅዝቃለች። ሌላ ቃል አላስፈለገኝም። ጮህኩ። ታላቃችን፣ እትዬ የምንላት፣ ወዲያው አፌን በእጇ ያዘችው። "እህቴ፣ ቀስ በዪ፤ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል" አለችኝ። ፓርቲሽን ራሱ ሕገ ወጥ ነው፤ ከስድስታችን አራታችን ቪዛ የለንም። ትራስ ሰጡኝ። ያሳደገችኝን ሴት በትራስ ውስጥ አለቀስኳት።

ያን ቀን ቅጣቴ ስንት እንደነበር አሁን አስልቼዋለሁ። 90 ቀን አልፎኛል፤ በ50 ሲባዛ 4,500 ድርሃም። ትኬት ሲጨመር 5,500 ቢሆን ነው። የጸጉር ቤቱ ልጆች ለለቅሶዬ ብቻ 1,700 አዋጥተው ሰጥተውኛል፤ የቀረውን ተበድሬ መሙላት እችል ነበር። ቅጣቱን ከፍዬ በሦስተኛው ቀን ኮምቦልቻ እገባ ነበር። ግን አየር ማረፊያ ከሄድኩ የምታሰር መስሎኛል፤ ስለዚህ ያንን 1,700 ለተዝካር ላክሁት።

ከዚያ በኋላ ያለው ክረምት ብዥ ብሎ ነው የሚታወሰኝ። ጥርሴ አብጦ ሦስት ሳምንት ከሰው በተረፈ መድኃኒት ኖርኩ። በመጨረሻ አንድ ክሊኒክ ፓስፖርቴን ብቻ አይተው በ350 ድርሃም ነቀሉልኝ። ስለ ቪዛ አንድ ጥያቄ አልጠየቁኝም።

ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። አንድ ድርሃም በባንክ 15 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ እጥፍ ተጠጋ። ፓርቲሽኑ ውስጥ ደስታ ሆነ። "አሁን የሚመለስ ሞኝ ነው" ተባለ። እኔም እንደዚያ አልኩ። ቅጣቴም በድርሃም እንደሆነ፣ እሱም በብር ሲመነዘር እጥፍ እንደሆነ ማናችንም አላነሳንም። አገር ቤት ሆኖ የሚከፍልልኝ ሰው ብፈልግ ኖሮ በዚያ ወር ዕዳዬ ዝም ብሎ እጥፍ ሆኗል።

ነሐሴ ላይ ሌላ ነገር መጣ። የሥራ ፈቃድ የሌለውን ሰው የሚያሠራ አሠሪ የሚቀጣው ከ100,000 እስከ አንድ ሚሊዮን ድርሃም እንዲሆን ሕጉ ተሻሻለ። በፊት ከ50,000 እስከ 200,000 ነበር። አሠሪዬ ዜናውን ያየች ቀን ማታ ጠርታኝ "ነገ አትምጪ" አለችኝ። የ18 ቀን ደሞዝ ነበረኝ፤ 300 ድርሃም ሰጠችኝ። ስለ ቪዛዬ የነገረችኝ ተስፋ ሁሉ ያን ቀን አለቀ። እውነቱን ለመናገር ቀድሞም አልነበረም።

በዚያው ሰሞን ነው ምሕረቱ የተሰማው። ከሴፕቴምበር 1፣ 2024 ጀምሮ ለሁለት ወር፣ ከዚያ ቀን በፊት ቪዛው ያለፈበት ሰው ቅጣቱ ተነሥቶለት፣ የመግባት እገዳ ሳይመታበት መውጣት ይችላል፤ ሥራ ካገኘም ወረቀቱን ማስተካከል ይችላል። በጉብኝት ቪዛ ገብቶ የቀረም ይገባበታል።

አሁን ተነሥቼ የሮጥኩ ይመስላችኋል? ሰባት ሳምንት ተቀመጥኩ። አንዱ "ወጥመድ ነው፤ አሻራ ወስደው ያስሯችኋል" ይላል። ሌላው ቲክቶክ ላይ "አትሂዱ" ይላል፤ ራሱ ግን ያለው ጀርመን ነው። አንድ የአገራችን ሰው ደግሞ "ቅጣታችሁን በውስጥ ሰው አስጠፋላችኋለሁ" ብሎ ከሁለት ልጆች 3,000፣ 3,000 ድርሃም ወሰደ። ምሕረቱ ነፃ ነው እኮ! ሰው ሲፈራ ነፃውንም በገንዘብ ይገዛል።

ያንቀሳቀሰችኝ እትዬ ናት። ጥቅምት 12 ጠዋት ተነሥታ ልብሷን ለበሰች፤ "እኔ ልሄድ ነው። ካሰሩኝ ስልክ እደውልልሻለሁ፣ ካላሰሩኝ ነይ" አለችኝ። አፈርኩ። እሷ የ52 ዓመት ሴት፣ እኔ የ27። አብሬያት ወጣሁ።

መጀመሪያ የሄድነው "አመር" የሚባለው የአገልግሎት ማእከል ነው። ማመልከቻውን ሞሉልን። የመኖሪያ መታወቂያ ኖሮኝ ስለማያውቅ አሻራ እንድሰጥ አል አዊር ወደሚገኘው የኢሚግሬሽን ማእከል ላኩኝ። እዚያ ትላልቅ ድንኳኖች ተተክለዋል፤ የሴቶች ለብቻ ነው። ማቀዝቀዣ አለ፣ ውሃ ያድላሉ፣ ወንበር አለ። ሰባት ወር የፈራሁት ቦታ ተራ ቁጥር ይዞ ወንበር ላይ መቀመጥ ሆኖ ተገኘ። አንዲት ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ አሥር ጣቴን አስነክታ ፎቶ አነሣችኝና ኮምፒውተሯን አየች። "ቴን ታውዛንድ ኤይት ሀንድረድ ፊፍቲ" አለች። 10,850 ድርሃም ማለት ነው፤ 217 ቀን ሲባዛ በ50። ቁጥሩን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው። ከዚያ "ፊኒሽ፣ ዜሮ" ብላ እጇን አወዛወዘች።

እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ልጅቷ የደስታ መስሏት ሶፍት ሰጠችኝ። እኔ ግን የሰኔውን 4,500 እያሰብኩ ነበር።

የመውጫ ፈቃዱ በማግስቱ ደረሰኝ። የሚያገለግለው ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው። በዚያ ውስጥ ካልወጣህ ቅጣቱ ተመልሶ ይመጣል ስለተባለ ትኬቴን ወዲያው ቆረጥኩ፤ ጥቅምት 24 ወጣሁ። አየር ማረፊያ ፓስፖርቴን ያየው ሰው ቀና እንኳ አላለም። እትዬ ትንሽ ቆየች፤ ፓስፖርቷ ጊዜው ስላለፈ ቆንስላ ሄዳ ሊሴ ፓሴ የሚባለውን ጊዜያዊ የጉዞ ሰነድ ማውጣት ነበረባት። የእናንተም ፓስፖርት እንዲያ ከሆነ ከዚያ ጀምሩ፤ ብዙ ጊዜ የሚበላው እሱ ነው።

እኔ ከመውጣቴ በፊት ምሕረቱ እስከ ዲሴምበር 31 ተራዘመ። የቀሩት ልጆች ሳቁብኝ። አንዳንዶቹ "ደግሞ ይራዘማል" ብለው ጠበቁ። አልተራዘመም። በጃንዋሪ 2025 ብቻ ከ6,000 በላይ ሰው በአሰሳ መያዙን የአገሪቱ ባለሥልጣናት ተናገሩ። ከፓርቲሽናችን ሁለቱ ከእነሱ ውስጥ ናቸው። ተይዞ መባረርና በራስ መውጣት የትየለሌ ይለያያል። የተባረረ ሰው እገዳ ይመታበታል፤ እኔ እንዲያ አልተደረግኩም።

ምሕረት በሌለበት ጊዜስ ለሚለኝ ሰው፣ መልሴ ይኼ ነው። ምሕረት አትጠብቅ። በፈረንጆቹ በ2018 ነበር፣ በኮሮና ጊዜ በ2020 ነበር፣ ከዚያ እስከ 2024 ድረስ አራት ዓመት ገደማ አለ። አራት ዓመት በቀን 50 ብለህ ምታው። መጀመሪያ ቁጥርህን እይ። ከዚያ አመር ማእከል ወይም ኢሚግሬሽን ቢሮ ሄደህ "ከፍዬ መውጣት እፈልጋለሁ" በል። አሥር ቀን ያለፈው ሰው 500 ድርሃም ነው ያለበት፤ አንድ ወር ያለፈው 1,500። ይኼ ሊበደሩት የሚቻል ገንዘብ ነው። ጠፋ ተብሎ ያመለከተብህ ሰው ካለ ግን ብቻህን አትሂድ፤ መጀመሪያ ቆንስላውን ወይም ሕግ የሚያውቅ ሰው አማክር። "በውስጥ ሰው" ለሚልህ ግን አምስት ሳንቲም አትስጥ።

የሌላው አገር ሕግ ሌላ ነው፤ የእኔን ታሪክ ይዛችሁ ሌላ ቦታ እንዳትሳሳቱ። ሲያትል ያለችው የአክስቴ ልጅ እንደነገረችኝና በኋላ እኔም እንዳነበብኩት፣ አሜሪካ የቀን ቅጣት የለም። ግን አንድ ቀን እንኳ ካሳለፍክ ቪዛው ይሰረዛል። ከ180 ቀን በላይ አሳልፎ የወጣ ሰው ለሦስት ዓመት፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ያሳለፈ ለአሥር ዓመት እንዳይገባ ይታገዳል። ደግሞ ፓስፖርቱ ላይ የተለጠፈው ቪዛ የሚያልቅበት ቀን የመቆያ ቀን አይደለም፤ የሚቆጠረው አይ-94 የሚባለው መዝገብ ላይ ያለው ነው። ብዙ የእኛ ወላጆች ልጅ ሊጠይቁ ሄደው የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። "ቪዛዬ ገና ዓመት አለው" እያሉ ስድስት ወሩ ያልፍባቸዋል። አውሮፓ ደግሞ ሸንገን ላይ የሚታየው ቪዛው ላይ የተጻፈው የቀን ብዛት ነው፤ ቢበዛ በ180 ቀን ውስጥ 90። ከኦክቶበር 2025 ወዲህ መግቢያና መውጫውን በአሻራና በፎቶ መመዝገብ ስለጀመሩ ማኅተሙ ደብዝዟል ማለት እየቀረ ነው።

ኮምቦልቻ ስገባ የአክስቴ አርባም ሰማንያም አልፏል። ለመንፈቋ ደረስኩ። ጠላውን እኔ ጠመቅኩ፤ ድግሱ ላይ ሰዎች ስለ ዱባይ ጠየቁኝ፣ እኔም ስለ ሕንጻዎቹ አወራሁ።

አሁን የራሴ ትንሽ ጸጉር ቤት አለኝ፤ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር። ባለፈው ያ ደላላ ደወለ። "ስምሽ ንጹሕ ነው አሉ፣ እገዳ የለብሽም። አዲስ ቪዚት ላውጣልሽ፣ ሁለት ወር ነው" አለኝ።

"ሁለት ወር ነው ወይስ 60 ቀን?" አልኩት።

"ኧረ አንቺ ደግሞ፣ ምን ልዩነት አለው?" አለኝ።